የዕዳና የገቢ ምጥጥን፦ የሜዲካል አሲስታንት ሰርተፍኬት በአሜሪካ

የሙያ ሰርተፍኬት ለማግኘት የተወሰደ ብድር ዓመታዊ ክፍያ ከተመራቂው ደመወዝ ጋር የሚነጻጸርበት መለኪያ። ሜዲካል አሲስታንት በክሊኒክ የደም ግፊት ይለካል፣ ደም ይቀዳል፣ ቀጠሮ ይይዛል፤ ነርስ ግን አይደለም። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶችም ሰርተፍኬቱን በሕግ አያስገድዱም።

የፌዴራሉ የትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ደንብ፣ የብድሩ ክፍያ ከዓመት ገቢ 8 በመቶ ካልበለጠ የሥልጠና ፕሮግራሙን ያሳልፍ ነበር። ደመወዙ 25,000 ዶላር ለሆነ ተመራቂ ይህ በዓመት 2,000፣ በወር 167 ዶላር ገደማ ነው። የቤት ኪራይና የመኪና ኢንሹራንስ ለሚጠብቀው ሰው ቀላል አይደለም። ደንቡ በ2019 ተሽሮ በ2023 ሲመለስ፣ ተመራቂው ከሁለተኛ ደረጃ ካልዘለለ ሠራተኛ የተሻለ ማግኘቱም መመዘኛ ሆነ።

በ2024 የሙያው መካከለኛ ደመወዝ 44,200 ዶላር ነበር። ቁጥሩ ለማስታወቂያ ያመቻል እንጂ ልምድ ያላቸውንም ስለሚጨምር የጀማሪን ኪስ አያሳይም። በፕሮግራሞች መካከል ያለው ዋናው ልዩነት የትምህርት ክፍያው ላይ ነው፤ ተመሳሳዩ ሥልጠና በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብዙ ጊዜ በእጅጉ ይረክሳል። ይህንኑ ሥልጠና ይሰጥ የነበረውና ለትርፍ የተቋቋመው ኮሪንቲያን ኮሌጅስ በ2015 ተዘጋ፤ በ2022 መንግሥት የ560,000 ተበዳሪዎቹን 5.8 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሰረዘ።