የምግብ ጭማሪ

የምግብ ጭማሪ ማለት ለብቻው እንደ ምግብ የማይበላ፣ ነገር ግን ምግብ ሲዘጋጅ ወይም ሲታሸግ ለተወሰነ ጥቅም ሆን ተብሎ የሚጨመር ንጥረ ነገር ነው። ምግቡ ቶሎ እንዳይበላሽ፣ ዘይትና ውሃው እንዳይለያይ፣ ቀለሙ እንዲያምር ወይም ጣዕሙ እንዲጎላ ያገለግላል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮሚሽን (ኮዴክስ) ትርጓሜ የገበታ ጨው ጭማሪ አይባልም፤ ለጤና ተብሎ ጨው ውስጥ የሚገባው አዮዲንም እንዲሁ።

በማሸጊያ ላይ «ኢ» ከሚለው ፊደል ጋር የሚጻፈው ቁጥር ጭማሪው በአውሮፓ ኅብረት የተፈቀደ መሆኑን ያሳያል። ብዙ ሰው ቁጥሩን ሲያይ የመርዝ ምልክት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ኢ100 ከእርድ የሚወጣው ቢጫ ቀለም ነው፤ ቅቤ ሲነጠር የሚጨመረው ያው እርድ ማለት ነው። ኢ300 ቫይታሚን ሲ፣ ኢ330 ደግሞ ሎሚን የሚያኮመጥጠው ሲትሪክ አሲድ ነው።

ክርክሩ በደንብ የሚታየው በሶዲየም ናይትራይት (ኢ250) ላይ ነው። ይህ ጨው ሞርታዴላና ቋሊማን በመሳሰሉ የተቀነባበሩ ሥጋዎች ውስጥ ይገባል። ዋና ሥራው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለውን ባክቴሪያ መግታት ነው። ባክቴሪያው አየር በሌለበት ይራባል፤ መርዙም ነርቭን አሽብቶ ትንፋሽ እስከማቆም ይደርሳል። ናይትራይት ለሥጋው የሚሰጠው ሮዝ ቀለም ግን ገዢን ለመሳብ ካልሆነ ለጤና የሚጠቅመው ነገር የለም። በሌላ በኩል ሥጋው በኃይለኛ ሙቀት ሲጠበስ ናይትራይት ከፕሮቲን ክፍሎች ጋር ተዋህዶ ናይትሮሳሚን የተባሉ ካንሰር አምጪ ውህዶችን ሊፈጥር ይችላል። ይህን ለመቀነስ አምራቾች ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ሲ አብረው ይጨምራሉ፤ አንዱ ጭማሪ የሌላውን ጉዳት ይከላከላል እንደማለት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የመጠን ነው። የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ከ1956 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጭማሪዎችን ይመረምራል። በሙከራ እንስሳት ላይ ጉዳት ያላሳየው ከፍተኛ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ለ100 ይካፈልና ሰው ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ቢወስደው አይጎዳም የሚባለው ልክ ይወጣል። ለናይትራይት የተቀመጠው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 0.07 ሚሊግራም ነው፤ 20 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን በቀን 1.4 ሚሊግራም ብቻ ይሆናል።

ፈቃድ ሊነሳም ይችላል። ለማንጫ ያገለግል የነበረውን ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ (ኢ171) የአውሮፓ ኅብረት በ2022 እ.ኤ.አ. ከምግብ አግዷል። ሰልፋይት (ከኢ220 እስከ ኢ228) ደግሞ የተፈቀደ ቢሆንም አንዳንድ የአስም ሕመምተኞችን ትንፋሽ ያሳጥራል፤ በደረቁ ፍራፍሬዎችና በወይን ጠጅ ውስጥ ይገኛል።

በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት ወይም እንጀራ ላይ ጄሶ መቀላቀል ከዚህ ጋር አይገናኝም። ያ ባዕድ ነገር መቀላቀል ይባላል፤ ወንጀል ነው፤ በማሸጊያ ላይም አይጻፍም።