ከአርባው በፊት፦ ከገጠር ቀበሌ የሞት ምስክር ወረቀት እንዴት ይወጣል?

ቤት ውስጥ ሰው ሲሞት ስለ ወረቀት የሚያስብ የለም። ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ለቀስተኛው ከሩቅ ይመጣል። ሰልስቱ ያልፍና የአርባው ዝግጅት ይጀመራል። ሕጉ ግን የራሱ ቆጠራ አለው፤ አንድ ሰው በሞተ በ30 ቀን ውስጥ ሞቱ መመዝገብ አለበት ይላል። ልብ በሉ፣ የሕጉ ቀን የሚያልቀው ከአርባው 10 ቀን ቀድሞ ነው።

እንበልና አባታችሁ ሰኔ 5 አረፉ። የእኛ ወር ድፍን 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ቀነ ገደቡ ሐምሌ 5 ነው። አርባው የሚወጣው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። «አርባው ይውጣና እናየዋለን» ያለ ቤተሰብ ቀበሌ ሲደርስ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለዚህ ነው። እናትና አባት በሐዘን ላይ ሲሆኑ ይሄን ጉዳይ የሚይዘው ብዙ ጊዜ ስልክ በእጁ ያለ ወጣት ነው።

ወረቀቱ ምን ያደርጋል?

ለወራሽነት ማረጋገጫ ፍርድ ቤት ስትሄዱ በመጀመሪያ የምትጠየቁት ሟች መሞታቸውን እንድታስረዱ ነው። ባንክ ያለውን ገንዘብ ለማውጣት፣ የጡረታ አበልን ለሚስት ወይም ለልጅ ለማስተላለፍ፣ የእርሻ መሬቱን የይዞታ ደብተር ለማዞር፣ ባል ወይም ሚስት የሞተበት ሰው እንደገና ለማግባት፣ ሁሉም ቦታ ይኸው ወረቀት ይጠየቃል። ሳይወጣ ሲቀር መጀመሪያ የምትጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ደብተሩ በእሷና በባሏ ስም የሆነባት እናት ናት። መሬቱን እያረሰች፣ በሰነድ ግን ጉዳይዋ ተንጠልጥሎ ዓመታት ይቆጠራሉ።

የት ነው የሚጀመረው?

ሟች ይኖሩበት በነበረው ቀበሌ ነው። የምዝገባው መሠረት የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሲሆን በ2009 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 1049 ተሻሽሏል። ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም መጨረሻ ላይ ነው። መዝጋቢው በሕጉ ስሙ «የክብር መዝገብ ሹም» ይባላል። በገጠር ግን ብዙ ጊዜ ይህን ሥራ ደርቦ የሚሠራው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ስለዚህ የተለየ ቢሮ ፍለጋ አትድከሙ።

ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ፣ ወረዳ፣ ማዳበሪያ ስርጭት ላይ ሊሆን ይችላል። በክረምት ጭቃ ረግጣችሁ ሁለት ሰዓት ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ስልኩ ከሌላችሁ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወይም ከእድሩ ሰብሳቢ ታገኙታላችሁ።

ማን ያስመዘግባል?

ግዴታው በመጀመሪያ ከሟች ጋር አብሮ ይኖር የነበረ ሰው ነው። እሱ ከሌለ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመድ፣ ዘመድም ከሌለ ጎረቤት ያስመዘግባል። ስለዚህ «የበኩር ልጁ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ» ተብሎ መጠበቅ የለበትም። እዚያው ቤት የነበረ የወንድም ልጅም ቢሆን ማስመዝገብ ይችላል።

ምን ይዛችሁ ሂዱ?

የሚጠየቀው ከቦታ ቦታ ትንሽ ይለያያል፤ እነዚህን ከያዛችሁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ አትመላለሱም፦

1. የአስመዝጋቢው መታወቂያ።

2. የሟች መታወቂያ፣ ካለም ጉርድ ፎቶግራፍ። መታወቂያውን ከማስረከባችሁ በፊት በስልካችሁ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሱት።

3. በጤና ተቋም የሞቱ ከሆነ የተቋሙ የሞት ማሳወቂያ። ይህን አስከሬኑን ስትረከቡ ጠይቁ። ከወር በኋላ ተመልሶ መጠየቅ ሌላ ጣጣ ነው። ሟች ሪፈር ተብለው ትልቅ ከተማ ሄደው ቢያርፉም ማሳወቂያው ወደሚኖሩበት ቀበሌ ይመጣል።

4. ቤት ውስጥ የሞቱ ከሆነ ሞቱን የሚያውቁ ምስክሮች። ቀብሩ ከተፈጸመበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ አለዚያም ከእድሩ የተጻፈ ማስረጃ ነገሩን ያቀልላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም በቀበሌው ውስጥ የሚከሰት ሞትን የማሳወቅ ድርሻ አላት።

5. በመኪና አደጋ፣ በግድያ ወይም ምክንያቱ በሚያጠራጥር ሁኔታ የሞተ ሰው ከሆነ የፖሊስ ማስረጃ።

ክፍያው እንደየክልሉ ይለያያል። የከፈላችሁትን ያህል ደረሰኝ ተቀበሉ። ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ከተጠየቃችሁ በትሕትና «ደረሰኙን እጠብቃለሁ» በሉ።

ትልቁ ስሕተት፦ ስም

የገጠር ሰው ስም ብዙ ነው። በሰፈር «እማማ ወርቄ» የሚባሉት በመታወቂያ ወርቅነሽ፣ በይዞታ ደብተር ወርቅዬ፣ በባንክ ደብተር ደግሞ ሌላ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ሰነድ «ኃይሉ»፣ ሌላው «ሀይሉ» ሲል እኛ እንደ አንድ ስም እናነበዋለን፤ ጠንቃቃ የባንክ ሠራተኛ ግን ሊመልሳችሁ ይችላል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት የሟችን ሰነዶች ሁሉ አንድ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩ። ልዩነት ካለ ለመዝጋቢው ቀድማችሁ ንገሩት።

ምስክር ወረቀቱ ሲሰጣችሁ አጥፋችሁ ኪስ ውስጥ አትክተቱ። እዚያው ጠረጴዛ ላይ እያላችሁ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የሞቱበትን ቀንና ቦታ አንብቡ። ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ስም ከፓስፖርታችሁ የአባት ስም ጋር አመሳክሩ። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ማሳረም ሌላ ሂደት ነው፤ አንዳንዴም ፍርድ ቤት ያስኬዳል። በመጨረሻም ፎቶ አንሱት፤ የምዝገባ ቁጥሩ በግልጽ መታየቱን አረጋግጡ። ወረቀቱ ቢጠፋ መዝገቡ ስላለ ምትክ ይወጣል፤ ቁጥሩ ካላችሁ ፍለጋው ይቀልላል።

30 ቀኑ ካለፈስ?

በሩ አልተዘጋም፤ ግን ይጠብባል። ምዝገባው «የዘገየ» ይባላል፤ የሚጠየቀው ማስረጃና ምስክርም ይበዛል። ምዝገባው በአገር ደረጃ ከመጀመሩ በፊት የሞተ ሰው ደግሞ «ነባር» ተብሎ የሚስተናገድበት መንገድ አለ። ከ20 ዓመት በፊት የሞቱ አያታችሁን ማስረጃ የምትፈልጉ ከሆነ ዛሬ ነገ አትበሉ። ቀብር ላይ የነበሩ ሽማግሌዎች ምስክሮቻችሁ ናቸው፤ እነሱም እያለፉ ነው።

አንዳንዱ ቀኑ ያላለፈ ለማስመሰል የሞት ቀንን ወደፊት ይገፋል። እንዳታደርጉት። ለመዝገብ ሐሰተኛ መረጃ መስጠት ወንጀል ነው። ከሆስፒታሉ ማሳወቂያ ጋር ሲጋጭ ደግሞ እውነተኛውን ውርስም ጥርጣሬ ውስጥ ይከተዋል።

የጠፋ ሰውስ?

በጦርነት ወይም በስደት መንገድ ላይ ወሬው የጠፋ ሰው ያለበት ቤት ብዙ ነው። አስከሬን የለም፣ ቀብር የለም፤ ቀበሌው በወሬ ብቻ ሞት አይመዘግብም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 ለዚህ መንገድ ያስቀምጣል። አንድ ሰው ጠፍቶ 2 ዓመት ሙሉ ምንም ወሬ ካልተሰማ፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ፍርድ ቤት የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ማመልከት ይችላል። ይህን ማድረግ ለእናት ከባድ ነው፤ ተስፋ እንደ መቁረጥ ይሰማታል። ስለዚህ ወረቀቱን ከማንሳታችሁ በፊት ለምን እንደሚያስፈልግ ቀስ ብላችሁ አስረዷት።

ውጭ አገር ላላችሁ

ዓረብ አገር፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሆናችሁ አገር ቤት ያረፉ ወላጃችሁን ጉዳይ መከታተል ከፈለጋችሁ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ውክልና ላኩ። በውክልናው ላይ የሞት ማስረጃ ማውጣትና ፍርድ ቤት መቅረብ በግልጽ ይጻፍ። በተቃራኒው ሰው እዚያ ከሞተ የዚያ አገር የሞት ማስረጃ በአገሩ የሚመለከተው አካል፣ በኤምባሲያችንና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት። አስከሬኑ ከመላኩ በፊት ዋናው ሰነድ በማን እጅ እንዳለ አጣሩ።

እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ከያዛችሁልን ይበቃናል። በሚቀጥለው ለቅሶ ቤት ስትሄዱ፣ ሰልስቱ እንዳለፈ ከቤተሰቡ ወጣቱን ለብቻው ጥሩትና «ቀበሌ ሄዳችኋል ወይ?» በሉት። ካልሄደ አብራችሁት ሂዱ። ማጽናናት ማለት ይህም ነው።

ያረፉትን ነፍስ ይማር። ጽሑፉን ለእድራችሁና ለቤተሰባችሁ የቴሌግራም ግሩፕ አጋሩልን።