በዘር የተከፋፈለ የተማሪዎች ማደሪያ

በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጥቁር ተማሪዎችን ከነጮች ማደሪያ ያገለለ አሠራር። በደቡብ ግዛቶች ሕግ ደግፎታል፤ ሰሜኑም ከነውሩ አልጸዳም።

በሰሜን የሚገኘው ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎቹ በግቢው ማደሪያ እንዲኖሩ ያስገድድ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱ ሎረንስ ሎውል ግን ጥቁሮችን ከለከሉ። በ1922 እ.ኤ.አ. የዚያው ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሮስኮ ኮንክሊንግ ብሩስ ለልጃቸው ክፍል ቢጠይቁ፣ ነጮችን ከጥቁሮች ጋር አብረው እንዲኖሩ ማስገደድ አይቻልም የሚል መልስ ደረሳቸው። የወጣቱ አያት ደግሞ በባርነት ተወልደው የሚሲሲፒ ሴናተር ለመሆን የበቁት ብላንች ብሩስ ነበሩ! ጉዳዩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ ቁጣ ቀሰቀሰ። በ1923 የበላይ ቦርዱ ማንም በቀለሙ እንዳይገለል ወሰነ፤ ነጭና ጥቁር አብረው ለመኖር አይገደዱም የሚል ሐረግ ግን አከለበት።

በደቡብ ደግሞ የአላባማ ዩኒቨርሲቲ በ1956 ጥቁሯን ተማሪ ኦተሪን ሉሲን ቢቀበልም ማደሪያና ምግብ ቤት ነፈጋት። ከሦስት ቀን ትምህርት በኋላ ነውጠኞች ግቢውን ሲያምሱ የታገደችው እሷው ነበረች።