የወታደር መሥዋዕት (ፊልም)

የወታደር መሥዋዕት፣ በእንግሊዝኛ ስሙ «ፖውን ሳክሪፋይስ»፣ የአሜሪካዊውን የቼዝ ሊቅ የቦቢ ፊሸርን ዝናና ሕማመ መንፈስ የሚተርክ፣ ስቲቨን ናይት ጽፎት ኤድዋርድ ዝዊክ ያዘጋጀው፣ በመስከረም 2007 ዓ.ም. በቶሮንቶ የፊልም በዓል ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየ ፊልም ነው። ፊሸርን ሆኖ ቶቢ ማጓየር፣ የሶቪየቱን ሻምፒዮን ቦሪስ ስፓስኪን ሆኖ ሊየቭ ሽራይበር፣ ቄስም ግራንድማስተርም የነበረውን ዊልያም ሎምባርዲን ሆኖ ፒተር ሳርስጋርድ ይተውናሉ።

የታሪኩ እምብርት በ1964 ዓ.ም. ክረምት በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይኪያቪክ የተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ ነው። ሐምሌ 4 ቀን በተጀመረው የመጀመሪያ ጨዋታ ፊሸር፣ በእኩልነት ሊያልቅ የተቃረበውን ነገር ትቶ፣ ከዳር የቆመች አንዲት ወታደር ልብላ ሲል ጳጳስ የሚሉትን ጠጠር አስያዘና ተሸነፈ፤ ሁለተኛውን የካሜራው ድምፅ አወከኝ ብሎ ሳይቀርብ ቀርቶ ተፈረደበት፤ ሦስተኛውን ግን ከሕዝብ ዓይን በራቀ ጓዳ ካልሆነ አልጫወትም ሲል ስፓስኪ በጨዋነት እሺ ስላለው በዚያው ጓዳ ረታው፣ ነሐሴ 26 ቀንም በ12½ ለ8½ ነጥብ ዘውዱን ተቀዳጀ። ፊልሙ የሚበረታው ይህን የድምፅ ፍርሃት ሲያሳይ ነው፤ ሰላይ አለበት ብሎ ስልክ ሲፈታታ የሚታየው ሰው፣ ሳልና የወንበር ሲጥታ እንደ መዶሻ የሚመታው ልቡና፣ ለተመልካች በግልጽ ይሰማል። የጨዋታውን ምስጢር ግን እምብዛም አይተረጕምም፤ ቼዝ የማያውቅ ሰው የፊሸርን ጕብዝና ከሌሎች ፊት ላይ ብቻ ነው የሚያነበው።

ስለ ጓዳው የሚነገረው የአገራችንን ቼዝ፣ የሰንጠረዥን ወግ ለሚያውቅ እንግዳ ነገር ነው። በዘመነ መሳፍንት፣ በትግሬው ገዥ በራስ ወልደ ሥላሴ ቤት የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ እንደ ጻፈው፣ ሰንጠረዥ የሚጫወቱት በታላቅ ጫጫታ ነበር፤ ባሪያው ሳይቀር አሳቡን ይሰጣል፣ እጁንም ዘርግቶ ጠጠር ያነሣል፣ ትልቁ ሰው ግን እንዲያሸንፍ ይደረግለታል። (ፊሸር በዚያ ግቢ አንድ ቀን የሚውል አይመስለኝም።) ሰሌዳው መስመር የተሰፋበት ቀይ ጨርቅ ነበር፤ መክፈቻውም ወረራ ይባል ነበር፤ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበርና በቃል የተጠና መክፈቻ ዋጋ አልነበረውም።

ፊሸር ዘውዱን በ1967 ዓ.ም. ሳይጫወት ለአናቶሊ ካርፖቭ ለቀቀ፤ ጥር 8 ቀን 2000 ዓ.ም. በዚያው በሬይኪያቪክ በ64 ዓመቱ ዐረፈ። ፊልሙ የማይተርከው አንድ ነገር አለ፦ በ1988 ዓ.ም. በቦነስ አይረስ፣ ቼዝን የቃል ጥናት ገደለው ብሎ፣ የኋላ ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ ከ960 ዓይነት አሰላለፍ በአንዱ የሚቆሙበትን አዲስ ሕግ አወጀ። የወረራ ተጫዋቾች ያንን ነጻነት ያለ ዕጣ ነበር የያዙት።