ማደብዘዣ

በቤት ውስጥ ተክል ላይ ከሚንጠለጠለው የኤል ኢ ዲ መብራት ጎን አንዲት ትንሽ ማዞሪያ አለች። ወደ ቀኝ ስትዞር ብርሃኑ ይደምቃል፤ ወደ ግራ ስትዞር ይደክማል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ዲመር» ይላታል። የቤት ሰው «መብራቱን ቀንሰው» ብሎ ያልፋል። ቃል ለቃሚ ግን እዚህ ይቆማል።

ለሥራዋ የሚመጥን ግስ አለን፤ ደበዘዘ። አድራጊው አ ሲቀድመው «አደበዘዘ» ይሆናል። የመሣሪያ ስም ሲወጣለት የመጨረሻዋ ዘ ወደ ዠ ትለወጥና «ማደብዘዣ» እናገኛለን፤ ከያዘ «መያዣ» እንደወጣ ሁሉ። «ደብዛው ጠፋ» የምንለው ደብዛም የዚሁ ቤተሰብ ይመስለኛል፤ ደብዝዞ እንኳ የሚታይ ምልክት አልተገኘም ማለት ነውና። ፈዘዘ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እርሱ ለዓይንና ለሰው ያደላል፤ «የፈዘዘ አምፖል» ቢባል ሐሳብ የገባው ያስመስለዋል። ድንግዝግዝም የምሽት ንብረት ነው።

«መብራት» ከግዕዙ በርሀ ነው። አማርኛ ሀን ጥሎ በራ አለ። መጨረሻው ራብዕ ሆኖ የቀረው ለጠፋችው ሀ ምልክት ነው፤ በልዐ በላ፣ ሰምዐ ሰማ እንደሆኑት። ብርሃን ግን ሃውን እንደያዘ ከግዕዝ በቀጥታ መጣ። ስለዚህ «መብራቱ ብርሃን ሰጠ» ስንል አንዱን ሥር በሁለት ዕድሜው እንጠራዋለን።

አምፖል የፈረንሳይኛ ውርስ ነው፤ የላቲኑ አምፑላ ትንሽ ጠርሙስ ነበር። የመርፌ መድኃኒት የሚመጣበት ብልቃጥም በዚሁ ስም አምፑል ይባላል። የተክል መብራቱ ግን ጠርሙስ የለውም፤ በጠፍጣፋ አሉሚኒየም ላይ የተደረደሩ ጥቃቅን ፍሬዎች ናቸው። ሻጩ ይህንንም አምፖል ቢለው አይፈረድበትም።

በኤል ኢ ዲ መጨረሻ ያለችው «ዲ» ዳዮድ ናት። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1919 የፈጠረው እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ዊልያም ኤክልስ ነው፤ ያኔ የሚጠራበት የቫኩም ቱቦ ነበር። ግሪኩ ሲፈታ ዲ ሁለት፣ ሆዶስ መንገድ ነው። ሆዶስን የቤተ ክርስቲያን ሰው ያውቀዋል፤ ሲኖዶስ «አብሮ መንገድ» ነውና። ኤክሶዶስም «መውጫ መንገድ» ነው፤ እዚህ ላይ ግን ግዕዝ አልተበደረም፣ ከራሱ ወፅአ «ዘፀአት» አለ። ያ ወፅአ ዛሬ ወጣ የምንለው ነው፤ የግዕዝ ፀ በአማርኛ ጠ መሆን ይወዳል። ይህችን ሕግ ያዙልኝ፣ ትመጣለች።

ዳዮድ እንደ ድሮው አምፖል ቮልቴጅ ሲቀነስለት በቀስታ አይደክምም፤ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ጭራሹኑ ይጠፋል። ስለዚህ አንዳንዱ ማደብዘዣ የሚያልፈውን ኮረንቲ በልክ ይቆጣጠራል። ብዙው ደግሞ በሰከንድ መቶዎችና ሺዎች ጊዜ ያጠፋል፣ ያበራል። ግማሹን ጊዜ ከጠፋ የሚወጣው ብርሃን በግማሽ ይቀንሳል፤ ዓይን መቆራረጡን አይለይም። ለዚህ ሥራ አማርኛ ዲመርም ሳይመጣ ቃል ነበረው፤ ብልጭ ድርግም! ብልጭ የአብለጨለጨ ዘመድ ነው፤ ድርግም አንዴ መጥፋት ነው። እንግዲህ ይህች ዕቃ በመልኳ ደብዛዛ፣ በሥራዋ ብልጭ ድርግም ናት። እኔ ብጠየቅ ስሙን ለመልኳ እሰጣለሁ፤ ሥራዋን የሚያየው ጠጋኙ ብቻ ነው።

ቅጠሉ በብርሃኑ የሚሠራውን የትምህርት ቤት መጽሐፍ «ብርሃን አስተፃምሮ» ይለዋል። የሚያምር ስም ነው። ፀመረ አገናኘ፣ አጣመረ ነው፤ ያችን ሕግ ብናመጣት ፀ ጠ ሆና ጥምርና ጥምረት ይወጣሉ። ቅርጹ ደግሞ የአስተርእዮ ነው፤ ከርእየ አስተርእዮ፣ ከፀመረ አስተፃምሮ። የግሪኩ ፎቶሲንቴሲስም ቃል በቃል ይኸው ነው፤ ፎቶ ብርሃን፣ ሲን አብሮ (የሲኖዶሱ ሲን)፣ ቴሲስ ማኖር። በዓረብኛ በኩል የመጣልን ፋኖስም ግሪክ ነው፤ ከፎቶ ጋር በሥር ይዛመዳል። አስተርእዮን ግሪኮቹ ኤጲፋንያ ማለታቸው ከዚያው ሥር ነው።

ብርሃን ሲያንስ ምን እንደሚሆን ጠላ ጠማቂዎች ያውቃሉ። ከግዕዙ በቈለ አማርኛው በቀለ መጣ፤ ከእርሱም ቡቃያና ብቅል። ለብቅል የሚሆነው ገብስ ይዘፈዘፋል፣ በቅጠል ይሸፈናል፣ በጨለማ ይበቅላል። ሲገለጥ ጫፉ ነጭ ነው። መብራቱ ከመጠን በላይ የደበዘዘበት ችግኝም እንዲሁ ነው፤ ግንዱ ይመነምናል፣ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ይገረጣል።

የጎደለው ሐመልሚል ነው፤ ፈረንጅ ክሎሮፊል የሚለው። ሥሩ ሐምል፣ ማለትም አትክልትና ቅጠላ ቅጠል ነው። ትግርኛ እስከ ዛሬ ጎመንን ሓምሊ ይላል። ሐምሌም ስሟን ከዚሁ አገኘች፤ ደመናው ፀሐይን በሚያደበዝዝበት ወር። ይህ ተቃርኖ አይደለም። በደመና ቀን እንኳ ቀትር ላይ 10,000 ሉክስና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፤ የሳሎን መብራት ግን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት መቶ አያልፍም። ሉክስ ደግሞ በላቲን ብርሃን ማለት ነው።