ባሕር የተሻገረው ፈረንሳይኛ

የኖርማንዲው መስፍን ጊዮም፣ እንግሊዞች ዊልያም የሚሉት፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. በሄስቲንግስ ድል ነሥቶ የእንግሊዝን ዘውድ በደፋ ጊዜ፣ መኳንንቱና ካህናቱ ይዘውት የተሻገሩት ልሳን ኖርማንኛ እንጂ የፓሪስ ፈረንሳይኛ አልነበረም። የፓሪስ ሰው «ጌር» የሚለውን ጦርነት ኖርማኑ «ዌር» ይለው ነበርና፣ እንግሊዛዊው ዛሬም «ዎር» ማለቱ ከዚያ የወረሰው ነው። ይህ ልሳን በአዲሱ አገር የራሱን ጠባይ ስለ ያዘ ሊቃውንት አንግሎ ኖርማን ብለው ሰየሙት።

ብዙዎች ይህን ቋንቋ ከግንዱ ተገንጥሎ እንደ ደረቀ ቅርንጫፍ ይቈጥሩታል፤ መጻሕፍቱን ለመረመረ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ፈረንሳዮች የሥነ ጽሑፋቸው በኵር የሚያደርጉት የሮላን መዝሙር እንኳ፣ ከሁሉ የሚቀድመውና በኦክስፎርድ የሚገኘው ብራናው የተጻፈው በአንግሎ ኖርማን ነው። በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያም ፊሊፕ ደ ታዎን የተባለ ደራሲ፣ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡበትን ሐሳብ፣ ማለት የእኛን ባሕረ ሐሳብ የመሰለውን ትምህርት፣ በዚሁ ልሳን በግጥም አስረዳ፤ ቀጥሎም ስለ አራዊት ጠባይና ምሥጢር የሚናገረውን፣ አባቶቻችን አስቀድመው «ፊሳልጎስ» ብለው ከጽርእ ወደ ግዕዝ የመለሱትን መጽሐፍ፣ እርሱ ከላቲን መልሶ ለንግሥት አዴሊዛ አበረከተ።

በዚያው ክፍለ ዘመን በባርኪንግ ገዳም የነበረች፣ ስሟን የሰወረች አንዲት መነኩሲት፣ የንጉሡን የቅዱስ ኤድዋርድን ገድል ከላቲን ስትተረጕም፣ የምታውቀው ፈረንሳይኛ የእንግሊዝ አገር የሆነ ሐሰተኛ ፈረንሳይኛ ነው ብላ አንባቢዎቿን ይቅርታ ለምናለች። ትሕትናዋ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን ይቅርታ የሚያሻው በደል አልነበረባትም፤ በፈረንሳይኛ ከጻፉት ሴቶች ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዷ እርሷ ናትና።

በ1204 ኖርማንዲ ከእንግሊዝ ነገሥታት እጅ ከወጣች በኋላ ቋንቋው ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ መሆኑ ቀረና ከመምህር እግር ሥር የሚማሩት ሆነ፤ በ1362 ክርክር በእንግሊዝኛ ይሁን ብሎ ያዘዘው ሕግ እንኳ ራሱ የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነበር። ይህም የትምህርት ፍላጎት ነው በ1409 አካባቢ ጆን ባርተን የተባለውን እንግሊዛዊ፣ በፓሪስ ተምሮ ያደገውን፣ ለአገሩ ልጆች የፈረንሳይኛ ሰዋስው በራሱ ገንዘብ እንዲያሠራ ያነሣሣው። ፈረንሳይኛን በፈረንሳይኛ ከሚያስረዱት ሰዋስዎች ሁሉ ቀዳሚው ይኸው ሲሆን፣ በፈረንሳይ ምድር ሉዊ ሜግሬ የራሱን ያሳተመው በ1550 ነው።