የግዕዝ ቁጥር በሌክሰርና በፓርሰር

ሌክሰር ጽሑፍን ቶክን ወደሚባሉ ቁራጮች የሚከፍል፣ ፓርሰር ደግሞ ቶክኖቹን በሰዋስው ደንብ የሚያያይዝ የፕሮግራም ክፍል ነው። ብዙ ጊዜ የሙሉ ቁጥር ደንብ አጭር ነው፦ ከ0 እስከ 9 ካሉት አሃዞች አንድ ወይም ከዚያ በላይ። ለግዕዝ ቁጥር ግን ይህ አይሠራም።

የግዕዝ ቁጥር ምልክቶች 20 ናቸው፦ ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ እንዲሁም ፻ (100) እና ፼ (10,000)። ዜሮ የለም። ፻ እና ፼ በግራቸው ያለውን ያባዛሉ፤ በቀኛቸው ያለው ይደመራል። የዓድዋ ጦርነት ዓመት ፲፰፻፹፰ ሲነበብ 18 በ100 ተባዝቶ 88 ይደመርበታል፤ 1888 ይሆናል። ምልክቶቹን ዝም ብሎ የሚደምር ፕሮግራም ግን 206 ይላል።

የሰዋስው ደንብ

አሃድ = ከ፩ እስከ ፱
አሥር = ከ፲ እስከ ፺
ጥንድ = አሥር አሃድ? | አሃድ
ክፍል = ጥንድ? ፻ ጥንድ? | ጥንድ
ቁጥር = ክፍል? ፼ ክፍል? | ክፍል

የጥያቄ ምልክት «ቢኖርም ባይኖርም» ማለት ነው። ደንቡ እስከ 99,999,999 ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ፼ ይደጋገማል። ከ፻ ወይም ከ፼ በግራ ምንም ከሌለ አባዢው 1 ነው፤ ስለዚህ 100 ሲጻፍ ፻ እንጂ ፩፻ አይባልም። ይሁን እንጂ ፩ን ሁልጊዜ መጣል አደገኛ ነው፦ ፸፰፻፩፼፺፪ 78,010,092 ሲሆን፣ ፩ ከወጣ 78,000,092 ይሆናል። አሥር ሺህ ጠፋ ማለት ነው፤ ፓርሰሩም ስህተት አያሳይም፣ ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥሮች ናቸውና።

በፕሮግራም ቋንቋዎች

የኢትዮጵያ ፊደል ከነቁጥሮቹ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በስሪት 3.0 (1999 እ.ኤ.አ.) ነው። ዛሬ ምልክቶቹ የሚመደቡት ከአሥርዮሽ አሃዞች ጋር ሳይሆን «ሌላ ቁጥር» በሚባለው ክፍል ነው። በፓይተን ኢዝዲጂት የተባለው መጠይቅ ፩ን አሃዝ ነው ብሎ ያሳልፋል፤ ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠው ኢንት ግን አይቀበለውም። ፲ን ደግሞ ኢዝዲጂትም አያውቀውም። በዚህ መጠይቅ ብቻ የሚተማመን ፕሮግራም ማጣሪያውን አልፎ ቀጥሎ ይሰናከላል።

ሌላው ችግር ቁጥሩ ከፊደል ጋር መጣበቁ ነው፦ ፭ኛ፣ ፲ቱ፣ በ፲፰፻፹፰። ሌክሰሩ የቃል ወሰን ከጠበቀ «በ፲፰፻፹፰»ን እንደ አንድ ቃል ይወስደዋል፤ የቁጥሩ ደንብ ፊደሉ ባለቀበት መጀመር አለበት።